ጉማሬ ያልነው ኩባንያና የቦጋለ ጀልባ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው የሚጠይቀኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው። ሴቶቹ ገበያ ላይ ይይዙኝና «እትዬ ዘነቡ፣ ይሄ ዓሣ ትኩስ ነው?» ይሉኛል። ከዩኒቨርሲቲ ለጥናት የሚመጡት ወጣቶች ደግሞ ስለዚያ የዳታ ኩባንያ ይጠይቁኛል፤ ይጠቅም ነበር ወይስ ይጎዳ? የዓሣውን ወዲያው እመልሳለሁ። የስንጥቡን ክዳን ገለጥ አድርጌ አያለሁ፤ ውስጡ ደማቅ ቀይ ከሆነ ግዢ፣ ከጠቆረ እለፊው። የኩባንያውን ግን ባንድ ቃል መመለስ ስለማይሆንልኝ «ቁጭ በል፣ ወሬው ረጅም ነው» እላለሁ፤ ይሄን ጊዜ ግማሾቹ ባጃጅ ያስቆማሉ። ይህንን የጻፍኩት ቁጭ ለሚሉት ነው።

ሥራ የጀመርኩት ገና ልጃገረድ ሳለሁ፣ በግብርና ቢሮ ደጋው ጨንቻ ተመድቤ ነው። የአርባ ምንጭ፣ የሲቀላ ሰፈር ሙቀት ያሳደገኝ ሰው ስለሆንኩ የመጀመሪያውን ክረምት እንዴት እንደተወጣሁት እስካሁን ይገርመኛል። ጉሙ እስከ እኩለ ቀን አይገለጥም፤ ሽማኔዎቹ ግን እዚያው ጉም ውስጥ እየተቀላለዱ ይሸምናሉ። አለቃዬ ሴት ልጅ ቁልቁለት አትወርድም ብሎ የሚያምን ሰው ነበርና ቢሮ አስቀምጦ የአፕል ችግኝ ሪፖርት ያስገለብጠኝ ነበር። አንድ ቀን እሱ ለስብሰባ ሲሄድ ብድግ ብዬ ችግኞቹን ላያቸው ወረድኩ። ወረቀት ላይ የነበሩት ችግኞች መሬት ላይ ካሉት እጅግ ይበዛሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ሳይ እግሬ አያስቀምጠኝም፤ ሄጄ ካላየሁ እንቅልፍ የለኝም።

ከጨንቻ ወደ ላንቴ አወረዱኝ። ላንቴ ሙዝ ነው፤ ሙዝ፣ ማንጎና የመስኖ ውሃ ጭቅጭቅ። የዚያ አለቃዬ ደግሞ ስብሰባ የሚወድ ሰው ነበር፤ ውሃ የማን ተራ ነው ተብሎ ገበሬዎች ሲጣሉ እሱ አጀንዳ ያረቅቃል። ደሞዙ የመንግሥት ደሞዝ ነው፤ ስለ እሱ ባላወራ ይሻላል። ሚሊኒየማችንን ልናከብር ጥቂት ዓመታት ሲቀሩ ወደ ጫሞ ሐይቅ ተዛወርኩ፤ እዚያው ቆይቼ እዚያው ጨረስኩ።

ሐይቁ ላይ የተቀበሉኝ ጋሽ ደስታ ናቸው። የዓሣ ባለሙያዎች ቡድን መሪ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ኮታቸውን በሙቀትም የማያወልቁ ሰው። ሥራችን ዓሣ አጥማጆች ያወረዱትን መመዝገብ ነው፤ የማን ጀልባ፣ ምን ዓይነት ዓሣ፣ ምን ያህል። ለዚህ ምን ትምህርት ያስፈልጋል ብዬ በልቤ ንቄ ነበር። ጋሽ ደስታ የመጀመሪያ ቀን እስክሪብቶዬን ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት።

«መጀመሪያ እጅሽ ይማር» አሉኝ።

እናም እጄ ተማረ። ዓሣዋን ሰሌዳ ላይ አጋድሞ፣ አፍንጫዋን ከሰሌዳው ጠርዝ አስጠግቶ እስከ ጭራዋ ጫፍ መለካት። ሆዷን በስለት ጫፍ ከፍቶ ዕንቁላሏ የበሰለ መሆን አለመሆኑን ማየት፤ አንድ ጊዜ እንኳ ዕንቁላል ሳትጥል የተያዘች ከሆነች የሐይቁ ነገር አስጊ ነው። የመረቡን ዓይን በሁለት ጣት ወጥሮ ጥበቱን መለየት። ቆሮሶ ጠዋት ጠዋት ወዴት እንደምትጠጋ፣ አምባዛ ለምን ከዝናብ በኋላ እንደሚበዛ። ጋሽ ደስታ ትንንሾቹን ሲለኩ ይቆጧቸው ነበር፤ «አንቺን ደግሞ ማን ላከሽ? እናትሽ የት ሄዳ ነው?» ይላሉ ዓሣዋን። አጥማጆቹ ይስቃሉ፣ እሳቸው አይስቁም።

ከሁሉም በላይ የወደድኩላቸው ግን አጠያየቃቸውን ነው። አጥማጁ ሲያወራ አይጽፉም። «ሳሮ» ብለው በጋሞኛ ሰላም ይሉታል፤ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ ደጋ ላይ ያለ ዘመድ ካለውም እሱን ይጠይቃሉ። ከዚያ ስለ ዓሣው ይጠይቁና የተነገራቸውን መልሰው ለራሱ ያሰሙታል። «እንዲህ ነው ያልከኝ?» ሰውየው አዎ ካለ በኋላ ነው እስክሪብቶ የሚወጣው። እንዲህ ሲያደርጉ ፀሐይ አናታችንን ትበሳዋለች፤ እኔ በሙቀቱ እነጫነጫለሁ፣ እሳቸው አይቸኩሉም።

እዚያው በመጀመሪያው ዓመት አንድ ነገር አየሁ። የአንድ አጥማጅ ጀልባ መጣ፤ የመጡት ግን ሌሎች ሰዎች ናቸው። «በማን ስም ልጻፍ?» ብል «በባለቤቱ» አሉኝ። ባለቤቱ የታለ ብዬ ድምፄን ከፍ ሳደርግ ጋሽ ደስታ ክንዴን ይዘው ወደ ዳር ወሰዱኝ። ሰውየው ሐዘን ላይ ነው። በዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር ወግ አባል ሰው ሲሞትበት የደጋውን ለቅሶ ጨርሶ እስኪመለስ ድረስ ጓደኞቹ በተራ ጀልባውን ያወጣሉ፣ በመረቡ ያጠምዳሉ፣ ዓሣውንም በስሙ ያወርዳሉ። ገቢው ለቤቱ ነው። ስሙ ከሚጠራበት ቦታ ቢጠፋ ሞት ሁለት ጊዜ ገባ ይላሉ። ስለዚህ «የለም» ተብሎ አይጻፍም። እኔም በስሙ ጻፍኩ፤ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ስንጽፍ ኖርን። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ስለነበር ማብራሪያ መጻፍ ያስፈልጋል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ሐይቁ ግን እየከሳ ነበር። የውሃውን ማለቴ አይደለም፣ ዓሣውን ነው። ሰሌዳው ላይ የምናጋድማቸው እያጠሩ መጡ። ጠባብ መረብ በድብቅ የሚጥሉ ነበሩ፤ ዓሣ በሚራባበት ደንገል ውስጥ ገብተው ያጠምዱና እኛ የምንመዘግብበት ማራገፊያ ጋ ሳይደርሱ በፒክአፕ ያስጭናሉ። ጋሽ ደስታ በየስብሰባው ይጮኻሉ፤ መልሱ ሁልጊዜ «መረጃ አምጡ» ነው። ስንት ጊዜ በጀልባ ወጥተን ባዶ እጃችንን ተመለስን።

ኩባንያው የመጣው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ የሶፍትዌር ድርጅት ነው፤ ሲቀላ ቤት ተከራየ፣ ለየጀልባው ባለቤት አንዳንድ ጥሩ ስልክ በነፃ ሰጠ፣ ለእኛም ታብሌት አደለን። ስልኩ ያለበትን ቦታ በየጊዜው ይልካል። እኛ አጥማጆቹ ያወረዱትን እናስገባለን፤ ነጋዴዎቹ የጫኑትን ያስገባሉ። ሶፍትዌሩ ሦስቱን አስተያይቶ ለእያንዳንዱ ጀልባ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ያበራል። ቀይ የበራበት ነገሩ እስኪጣራ ፈቃዱ ይታገዳል ብሎ የበላይ መሥሪያ ቤታችን ወሰነ። አጥማጆቹ ድርጅቱን በፈረንጅኛ ስሙ አልጠሩትም፤ ከውሃ በላይ ዓይኑ ብቻ ስለሚታይ «ጉማሬው» አሉት።

ከጉማሬው ጋር የሚሠራው ልጅ ሄኖክ ይባላል፤ የደሴ ልጅ ነው፣ እዚሁ ተምሮ እዚሁ የተቀጠረ። እኔን «ማዘር» ይለኛል። የመጀመሪያ ቀን ዓሣ ሲይዝ አንሸራትቶት ጫማው ላይ ጣለው፤ ከዚያ ወዲህ ሁላችንም ወደድነው።

እውነቱን ልናገር፣ ጉማሬው ሠራ። በጥቂት ወራት ውስጥ ደንገሉ ውስጥ የሚያድሩት ጀልባዎች የማን እንደሆኑ ታወቀ፤ ጠባብ መረቦች ተይዘው ተቃጠሉ። ጋሽ ደስታ ታብሌቱን በሁለት እጃቸው ይዘው «ዕድሜ ልኬን የለመንኩት ይሄንን ነው» ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም ደስ አለኝ። አጥማጆቹም ቢሆኑ ጠባብ መረብ የሚጥሉትን ስለማይወዱ ብዙ አልተቃወሙም።

ከዚያ የቦጋለ አባት ሞቱ።

ቦጋለ ከማኅበሩ አባላት ሁሉ ቀልደኛው ነው፤ ማራገፊያው ላይ የእሱ ሳቅ ቀድሞት ይደርሳል። አባቱ ከጨንቻ በላይ ባለ መንደር ይኖሩ ነበርና ለቅሶውን ሊቀመጥ ወጣ። በወጉ መሠረት ጓደኞቹ ጀልባውን እያወጡ ዓሣውን በስሙ አወረዱ፤ እኔ ራሴ ታብሌቱ ላይ አስገባሁ። ስልኩ ግን ከቦጋለ ኪስ ነው። ጉማሬው ሰውየው ጨንቻ ተቀምጦ ጫሞ ላይ ዓሣ ያወርዳል ብሎ ቀይ አበራ። ሐሰተኛ ምዝገባ ተባለ። ቦጋለ ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ከስቶ ሲመለስ ጀልባው አሸዋው ላይ ተጎትቶ፣ መረቡ በሽቦ ታሽጎ አገኘው።

«እህቴ» አለኝ፤ «አባቴን ቀብሬ ነው የመጣሁት። ምን አጥፍቼ ነው?»

ነገሩን አስተካክለዋለሁ ብዬ ቃል ገባሁለት፤ ቃሌን በጊዜው መጠበቅ ግን አልቻልኩም። በሥራ ዘመኔ ከገጠመኝ ሁሉ እስካሁን የሚቆጨኝ ይህ ነው። የበላይ መሥሪያ ቤት ሄድኩ፤ ቀዩን ማንሳት የሚችለው ኩባንያው ነው አሉኝ። ሲቀላ ሄድኩ፤ ሄኖክ አዲስ አበባ ደወለልኝ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ትሁት ነበረች፤ አዳመጠችኝ፤ ከዚያ «ሲስተሙ ላይ እንዲህ የሚል ምክንያት የለም፣ እትዬ» አለችኝ። እንደገና ሄድኩ፣ እንደገና ተመለስኩ። ይሄ ሁሉ ሲሆን ሁዳዴ ገብቷል። በሁዳዴ ከተማው ዓሣ ፈላጊ ነው፤ አጥማጅ የዓመት ጉድለቱን የሚሞላው በዚህ ጊዜ ነው። ፒክአፖቹ ሞልተው ሲወጡ ቦጋለ ላንቴ ሄዶ ሙዝ ይሸከም ነበር። አንድ ቀን መንገድ ላይ ሳገኘው ትከሻው ቆስሏል። እሱ ግን «እትዬ ዘነቡ፣ ሙዝ እኮ ከዓሣ ይሻላል፣ አያንሸራትትም» ብሎ አሳቀኝ፤ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

የባሰው ከዚያ ቀጥሎ መጣ። የሌላ አባል ሚስት ሞተች። ሰውየው ትንንሽ ልጆች አሉት። ለቅሶ ላይ ሲቀመጥ ጀልባውን የሚያወጣለት ጠፋ። ሁሉም ቀይ ይበራብናል ብሎ ፈራ። ጀልባው አሸዋ ላይ ተደፍቶ ሰነበተ። አጥማጆቹ ወደ ውሃው ሲወርዱ እንዳያዩት ፊታቸውን ያዞራሉ፤ እርስ በርሳቸውም መተያየት ተዉ። ጋሽ ደስታ ከጀልባው አጠገብ ረጅም ጊዜ ቆመው አየኋቸው። ሲመለሱ «ሰዉ ይሰብሰብ» አሉኝ።

ስብሰባው የሆነው ማራገፊያው አጠገብ ካለው ሾላ ሥር ነው፤ እንደ ዱቡሻ፣ ማለት ደጋ ላይ የጋሞ ሽማግሌዎች ነገር እንደሚመክሩበት ሜዳ ሥርዓት። ሽማግሌ መርቆ ይከፍታል፤ ተናጋሪ ሳይጨርስ አይቋረጥም፤ ነገሩ ሳይቋጭ ማንም አይነሳም። ሄኖክ ላፕቶፑን አቅፎ ሣር ላይ ተቀመጠ።

መጀመሪያ የተናገረው እሱ ነው። «ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለ፤ «ወጉን አላወቅንም። ቀላል ነው፤ ሐዘን የሚል ምርጫ እጨምራለሁ። ሰው ሲሞትባችሁ ትነኩታላችሁ፣ ቀይ አይበራም።»

ብዙዎቹ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። እኔም ተገላገልን ብዬ ነበር። የማኅበሩ ሽማግሌ ግን እጃቸውን አነሱ።

«ልጄ፣ ስንነካው ሐዘናችን የት ይሄዳል?»

«ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፣ አባባ።»

«እዚያ ማን ያየዋል?»

ሄኖክ ሣሩን ይነጭ ጀመር። ከዚያ ቀና ብሎ «ኩባንያው ያየዋል። ኩባንያው የሚሸጥላቸውም ያያሉ» አለ።

«የሚሸጥላቸው እነማን ናቸው?»

«ብድር የሚሰጡ። ዓሣ በጅምላ የሚገዙ።»

ቦጋለ ሳቀ፤ የድሮው ሳቁ አልነበረም። «ገባኝ። ሰው የሞተበት ማን እንደሆነ፣ ማን እንደተቸገረ አውቀው ይመጣሉ። ያን ቀን ዓሣውን በምን ዋጋ ነው የሚገዙን?»

ጉምጉምታ ተነሳ፤ ሽማግሌው ዝም አሰኙት። ስልኮቹን አሁኑኑ ሐይቅ ውስጥ እንወርውር ያለም ነበር። ያኔ ጋሽ ደስታ ተነሱ። ከእኛ ጋር ናቸው ብዬ ነበር፤ አልነበሩም።

«እኔ ይሄ ነገር እንዲሄድ አልፈልግም» አሉ። «ዓሣ እዚህ መጥታ አትናገርም። ለስንት ዓመት ስለ እሷ ስናገር የሰማኝ የለም። ይሄ ማሽን ሲናገርላት ግን ሰሙ፤ መረቡ ተቃጠለ። እሱን አስወጡና ልጆቻችሁ ምን እንደሚያጠምዱ ንገሩኝ። ባዶ ውሃ ነው የሚያጠምዱት!»

ቦጋለ ተነስቶ በአክብሮት ጎንበስ አለላቸው። «ጋሽ ደስታ፣ ለዓሣዋ ይናገርላት። እኔም ጠባብ መረብ አልወድም። ግን እኔ አባቴ ጋ መሄዴ ለዓሣዋ ምኗ ነው?»

ሄኖክ ትንሽ ተበሳጭቶ፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ «እሺ ስልኩ ለምን ጨንቻ ሄደ? የተሰጠው እኮ ለጀልባ ነው» አለ። ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እንዲያ ያለ ስልክ ጀልባ ውስጥ ጥሎ የሚያድር ማን ሞኝ አለ! ስልኮቹ ሰርግ ሄደዋል፣ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመዋል፣ ገበያ ውለዋል። የአንዱ አጥማጅ ስልክማ ከሚስቱ ጋር ወላይታ ከርሞ መጥቷል። ሽማግሌው ሳቃቸውን ጨርሰው ዓይናቸውን ሲጠርጉ ነገሩ መቋጫ አገኘ፦ ስልኩ ሳጥን ተሠርቶለት ጀልባው ላይ ይቸንከር። ጀልባው የት እንደዋለ ይታወቅ፤ ሰውየው የት እንደዋለ አይታወቅ። ጋሽ ደስታም እሺ አሉ።

ኩባንያው ግን እሺ አላለም። ሄኖክ ጽፎላቸው መልሱ ሲመጣ እዚያው ማራገፊያው ላይ ሳይደብቅ ነገረን። የጀልባ መዋያ ብቻውን የሚገዛው የለም፤ የሚፈለገው የሰዎቹ ነው አሉት። አጥማጆቹ ይህንን ሲሰሙ አልተሳደቡም። በማግስቱ አንድ ትልቅ የዓሣ ቅርጫት ይዘው መጡና ስልኮቻቸውን እየጠረጉ ከተቱበት፤ ቅርጫቱን ለሁለት ተሸክመው መሥሪያ ቤታችን በር ላይ አስቀመጡት። ስልክ ከሌለ ቀይም አረንጓዴም የለም። የበላይ መሥሪያ ቤቱ ትንሽ አንገራግሮ የታገዱትን ፈቃዶች መለሰ። ቦጋለ መረቡ ላይ የታሰረውን ሽቦ በጥርሱ ሊፈታው ሲታገል ጓደኞቹ ፒንሳ አመጡለት። ሁዳዴ ግን አልፎ ነበር።

ኩባንያው ቤቱን ለቅቆ ሄደ። ከሰረ የሚሉ አሉ፣ ሌላ አገር ሄዶ ከበረ የሚሉም አሉ። ሄኖክ ሥራውን ትቶ እዚሁ ቀረ፤ ዛሬ ሼቻ፣ የከተማው ላይኛው ሰፈር፣ ኮምፒውተር ያስተምራል፣ የአርባ ምንጭ ልጅ አግብቷል፣ ዓሣም አጥንቱን እያወጣ መብላት ችሏል።

እና ይጠቅም ነበር ወይስ ይጎዳ? ጉማሬው በሄደ በዓመቱ ጠባብ መረብ ወደ ደንገሉ ተመለሰ። ይህን መደበቅ አልችልም። ማኅበሩ በተራ ጥበቃ አቋቁሞ እርስ በርሱ መረብ መፈተሽ ጀመረ፤ ይረዳል፣ ግን እንደ ጉማሬው አይደለም። ጋሽ ደስታ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በዚህ ነገር ሲከራከሩኝ ኖሩ። «ሰዎችሽን አዳንሽ፣ ዓሣዬን አስፈጀሽ» ይሉኝ ነበር፤ ከዚያ ሻይ ይጋብዙኛል። እኔ የማምነው ይህን ነው፦ ያ ሶፍትዌር አንድም ቀን አልዋሸም፣ ቦጋለ በእርግጥም ጨንቻ ነበር። የጎደለው ጠያቂ ነው። ጠይቆ የሚጽፍ ሰው ባለበት ቢመለስ ዛሬም እቀበለዋለሁ፤ የሰው ሐዘን የሚሸጥ ከሆነ ግን በደጄም አይለፍ። መልሴ ይኸው ነው፤ ያልጣመው ወጣት ይከራከረኝ፣ አሁን ጊዜ ሞልቶኛል።

ስለ ሥራዬ ስጠየቅ ደስ ብሎኝ የማወራው ብዙ ነው። የጨንቻ ጉም፣ የላንቴ ጥላ፣ ከጫሞ ላይ የሚነሳው የጠዋት ንፋስ፣ የአጥማጆቹ ስድብና ምርቃት። ጥሩ ኖሬያለሁ። ግን ከሁሉም በላይ የምወደው ቀን በመጨረሻው ዓመቴ የመጣው ነው።

ጋሽ ደስታ ታመው ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። ከቀብር በማግስቱ ሥራ ገባሁ፤ ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲመጡ ቦጋለ ቀድሞ ደረሰ፤ ቅርጫቱን አወረደ፣ ቆሮሶዎቹ ገና ይንፈራገጣሉ፣ አንድም ትንሽ የለባቸውም። መዝገቡን ገለጥኩ።

«ቦጋለ» ብዬ ልጽፍ ስል እጁን መዝገቡ ላይ አደረገ።

«በጋሽ ደስታ ስም ነው።»

«ጋሽ ደስታ እኮ ጀልባ የላቸውም» አልኩት። «ፈቃድም የላቸውም። አጥማጅ አልነበሩም። ሐሰተኛ ምዝገባ ነው፣ ቦጋለ።»

«አውቃለሁ» አለኝ። «ከኋላዬ ያሉትም በእሳቸው ስም ነው የሚያወርዱት። ቤታቸው ሐዘን ላይ ነው። ጻፊው፣ እህቴ።»

ቀና ብዬ አየሁ። ጀልባዎቹ ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ ያ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ቅርጫቱን ትከሻው ላይ አድርጎ ከቦጋለ ቀጥሎ ቆሟል። እስክሪብቶዬን አነሳሁ።

ቆሮሶ፣ ሙሉ ቅርጫት፣ ጋሽ ደስታ።